የመንገደኛ ዕዳ

«ከተማ» የምንለው ቃል በጥንት ትርጉሙ የድንጋይና የኖራ ነገር አልነበረም። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ድንኳን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው፤ ከተማም ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ከነሠራዊቱ ያረፈበት ሥፍራ ነበር። ዛሬ ከቦታው የማይነቃነቀውን ነገር በዚህ ስም ስንጠራ፣ ቃሉ በሆዱ ውስጥ መነሣትን እንደ ደበቀ ነው። ከ13ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ አንሥቶ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስከ ቆረቆሩበት ጊዜ ድረስ የነገሥታቱ መዲና በአብዛኛው ድንኳን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲገልጽ፣ ሰፈሩ በተነሣና ባረፈ ቁጥር እያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉና እንደ ሥራው የሚያርፍበት የታወቀ ቦታ እንደ ነበረው ጽፎልናል። ሥርዓቱ የሚደነቅ ነው። እኔን ግን ሲያሳስበኝ የኖረው ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ በሥፍራው ላይ የቀረው ነገር ነው።

የቀረው ጉቶ፣ አመድና ባዶ ጎተራ ነበር። ማገዶው ሲመነምን፣ እህሉ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ ባላገሩ ግን መሄጃ የለውም። ወታደር በባላገር ቤት ተሰሪ ሆኖ ሲገባ ወጡ ቀጠነ፣ እንጀራው ጠቆረ እያለ ያማርር እንደ ነበር ከአያቶቻችን ያልሰማን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ለደግነት ብቻ የምንጠቀምባት «መስተንግዶ» የምትባለው ቃል እንኳ በአሮጌው ሥርዓት የግብር ስም ነበረች፤ አላፊ ሹም ሲመጣ ገባሩ የሚያዋጣው ማለት ነው። እንግዳ መቀበል እንዲህ ከፍቅርም ከግዳጅም የተቀየጠ ነገር ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አላፊ የሆነ ሰው ለሚያልፍበት ሥፍራ ምን ዕዳ አለበት? ነገ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ዛሬ የቆረጠውን ዛፍ ማን ይተካል? ጥያቄው የነገሥታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች በተውኩት ነበር። ነገር ግን እኛ በስደት ያለን ሰዎች ሃያና ሠላሳ ዓመት በተቀመጥንበት አገር «ለጊዜው ነው» እያልን የኖርን ነንና ጉዳዩ የእኛም ነው። ይህች «ለጊዜው» ስንቱን እንደ ተሸከመች ልብ ይሏል። ለጊዜው የተገዛ ሶፋ አለ፤ ለጊዜው የተያዘ ሥራ አለ፤ ለጊዜው ያልተዋወቁት ጎረቤት አለ። የታመመ ጥርሱን «አገሬ ስገባ አስነቅለዋለሁ» ብሎ ዓመታትን በማስታገሻ ክኒን የገፋ ሰውም አውቃለሁ።

ነገሩን ከመጽሐፍ አውጥቶ በእጄ ያስጨበጠኝ አንድ የሥራ ቀን ነው። በኪየቭ አብሮኝ ሕክምና የተማረ ወዳጄ ሚኔሶታ ውስጥ ለረጅም ዘመን ከሠራ በኋላ ጡረታ ወጣ፤ ቤቱን ሸጠ፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያላት፣ ቁመቷ ሦስት ሜትር የሚጠጋ መኪና ገዛ። አሜሪካውያን ካምፐር ቫን ይሏታል፤ የወዳጄ ባለቤት «ጎጆዬ» ነው የሚሏት። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አሜሪካን ሲዞሩ እኔ ወደምኖርበት ወደ በርክ፣ ቨርጂንያ ደረሱ። የሰፈራችን ማኅበር እንዲህ ያለ መኪና ሌሊት በመንገድ ዳር እንዲቆም አይፈቅድምና ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በበርክ ሐይቅ ፓርክ የካምፕ ሥፍራ ዐደሩ። ባለቤቴ በዚህ አፈረች። እንግዳ ቤት ድረስ መጥቶ ውጭ ማደሩ በእኛ ዘንድ የሚነገር ነገር አይደለም።

የመንገድ ሕይወት ለሚያየው ሰው ሁሉ ተራራና ሐይቅ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በየጥቂት ቀኑ አንድ ሙሉ ቀን ለጉዳይ መዋያ መስጠት ግድ መሆኑ ነው፤ ውሃ መሙላት፣ ቆሻሻ ማራገፍ፣ የምድጃ ጋዝ ማስሞላት፣ ልብስ ማጠብ፣ መድኃኒት መግዛት። የከተማውን መንገድ ስለማውቅ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉዳይ የመጸዳጃውን ታንክ ማራገፍ ነበር። ሁለት ሽበታም ሐኪሞች ጓንት አድርገን፣ ወፍራም ቱቦ ገጥመን፣ የሁለት ሰው የሳምንት ዕዳሪ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ቆመን ጠበቅን። ወዳጄ ሲስቅ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስለ ጤና የማውቀው ዋናው ነገር በዚያ ቱቦ ውስጥ እያለፈ እንደ ነበር አሰብኩ። ኮሌራን የገታው ከእኛ ማዳመጫ ይልቅ የፍሳሽ ቦይ ነው። በአማራ ክልል ዛሬም ድረስ የስንቱን ዓይን የሚያጠፋው ትራኮማ በአብዛኛው የውሃና የመጸዳጃ እጦት በሽታ ነው። በቤት የሚኖር ሰው ውሃ ለቅቆ ይረሳዋል፤ በመኪና የሚኖር ሰው ግን የራሱን ቆሻሻ ይዞ ይዞራል፣ መጠኑንም ያውቀዋል። በዚህስ ወዳጄ ከእኔ ይሻላል።

ከዚያ ቤልትዌይ ወደሚባለው የቀለበት መንገድ ገባን። ይህ 64 ማይል የሚሆን ክብ መንገድ ዙሪያው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ዋሽንግተንን እንደ መቀነት ታጥቋት ሜሪላንድንና ቨርጂንያን ያገናኛል። ሦስት ሜትር የሚጠጋ ቤት ይዞ በእርሱ ላይ መንዳት ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ነፋሱ ጎንዋን ይገፋታል፤ ከበስተኋላ ያለው ሁሉ ይቸኩላል፤ ያለቦታው መታጠፍ የሚመልሰው ከብዙ ማይል በኋላ ነው። ወዳጄ በእርጋታ እየነዳ ፍልስፍናውን ያስረዳኝ ጀመር። «ጎማ ያለው ቤት ዕዳ የለበትም። ላደርኩበት እከፍላለሁ፤ ላራገፍኩበት እከፍላለሁ፤ ለመንገዱ እከፍላለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ። ማንንም አላፈናቀልኩም፤ የማንንም ድንበር አልገፋሁም።» በውድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ በስተግራ ብሉ ፕሌይንስ የሚባለውን የፍሳሽ ማጣሪያ አሳየሁት። ከዋሽንግተንና ከአጎራባች የሜሪላንድና የቨርጂንያ ወረዳዎች የሚመጣውን ፍሳሽ ተቀብሎ በቀን 384 ሚሊዮን ጋሎን ያህል የማጣራት ዐቅም ያለው ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት የፖቶማክ ወንዝ ሰው ባይነካው የሚመከር ነበር። አሁን ዓሣ አጥማጅ ይታይበታል። ያን ያጠራው ገንዘብ የአላፊ ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ለማያዩት ሰው ብለው በየስብሰባው የተከራከሩ ሰዎች ነበሩ።

ስለ በርክም እንዲሁ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1951 የፌዴራሉ መንግሥት የዋሽንግተንን ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ በርክ ላይ ለመሥራት ወስኖ መሬት በሕግ መውረስ ጀመረ። ነዋሪው ተነሣ፤ ዓመታት ሙሉ አቤት አለ፤ በ1958ም ማረፊያው ወደ ሻንቲሊ እንዲዛወር ተወሰነ። ወዳጄ ያደረበት ፓርክ ለማረፊያው ተወርሶ ከነበረው መሬት ላይ የተሠራ ነው፤ ሐይቁ 218 ኤከር ይሆናል። ደስ የሚል ታሪክ ይመስላል፤ ግን አላበቃም። ሻንቲሊ አካባቢ ዊላርድ የምትባል፣ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ መንደር ነበረች። ማረፊያው ወደዚያ ሲዛወር የዊላርድ ሰዎች ተነሡ፤ የእነርሱ አቤቱታ የበርክን ያህል አልተሰማም። ዱላስ እ.ኤ.አ. በ1962 ተከፈተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚያርፈው፣ እኛ ዘመድ ለመቀበል አበባ ይዘን የምንቆመው እዚያ ነው። ስንገባም ስንወጣም የማናውቀውን ሰው ደጅ እንረግጣለን።

በርክ ሌላም የመንገደኛ ታሪክ አላት፣ ይህ ግን ያስቃል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1862፣ የደቡቡ ፈረሰኛ ጄኔራል ጄብ ስቱዋርት የበርክን የባቡር ጣቢያ በድንገት ይዞ ቴሌግራፉን ተቆጣጠረ። ከዚያም ለሰሜኑ ጦር የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ መልእክት ላከበት፤ የማረካቸው በቅሎዎች ደካሞች ስለ ሆኑ ጋሪዎቹን መጎተት አልቻሉምና የተሻለ እንዲልክ የሚል አቤቱታ! ወጥ ቀጠነ የሚለው ተሰሪ ወታደር ትዝ አለኝ። ዘራፊ ሆኖ መስተንግዶ ማማረር የአንድ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ማቆሚያ አጣን። ሕንፃ ሥር ያሉት ማቆሚያዎች ሁሉ በራቸው ላይ የቁመት ልክ ተንጠልጥሎባቸዋል፤ ጎጆዋ አትገባም። እኔ ወደዚህ አገር እንደ መጣሁ የሕክምና ፈቃድ ፈተናዬን እስክጨርስ ድረስ በዋሽንግተን ታክሲ ነድቻለሁ። ያን ጊዜ ሜትር አልነበረም፤ እስከ 2008 ድረስ ዋጋው በተሻገርናቸው ዞኖች ቁጥር ነበር የሚታሰበው። ስለዚህ የት ጥግ ማቆም እንደሚቻል እግሬ ሳይሆን እጄ ያስታውሳል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ዘበኛውን አስፈቅደን አቆምን፤ ዘበኛውም የደሴ ሰው ሆነና ገንዘብ አልቀበልም አለ። ወዳጄ ሁሉን እከፍላለሁ ያለው ሰው ግራ ገባው።

እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ያልተቆላ ቡና ተገዛ። የእንጀራው ጤፍ ከአይዳሆ መምጣቱን ባለሱቋ ስትነግረን ወዳጄ «እሱም ስደተኛ ነው» አለ። ተክልም ሰው ይመስላል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶ እያለቀባት ሄዶ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ ከተማዋን በቦታዋ ያቆማት በ1890ዎቹ መተከል የጀመረው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍን መጤ የሚለው የዕፅዋት ሊቅ ካልሆነ ማን ነው? ለእኔ ግን ከዛፉ ይልቅ የተከላው ነገር ያስደንቀኛል። ድንኳን ለምዶ የኖረ መንግሥት ችግኝ ሲተክል፣ አልሄድም ብሎ ውል መፈረሙ ነበር።

ይህን ስነግረው ወዳጄ መኪናዋን አስነሥቶ ሳይንቀሳቀስ ዞር አለና ቀኑን ሙሉ የያዘውን ተናገረ። «አልሄድም ያለ ሁሉ ደግ ነው? አገራችንን ያየን ሰዎች አይደለንም? ነባር ነኝ ያለው መጤ ያለውን ሲያባርር፣ ቤቱን ሲያቃጥል አልሰማንም? ሰውን የሚገድለው መንገደኛ አይደለም፤ ‹ይህ የእኔ ነው› የሚል ነው። ተወኝ፣ ጎማዬ ላይ ልኑር።»

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቀላል መልስም የለውም። «መጤ» የሚለው ቃል በእኛ ዘመን ስንት ቤተሰብ እንዳፈናቀለ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ለሥፍራ መቆርቆርን ከቀድሞ ከመምጣት ካስገኘነው፣ ኋላ የመጣው ሁሉ ምንጊዜም ጥገኛ ሆኖ ይቀራል። ከመቆየት ካስገኘነው ደግሞ አላፊው ሁሉ ነጻ ይወጣል። በበኩሌ ዕዳን ከሁለቱም አላገኘውም። ዕዳ የሚመጣው ከመጠቀም ነው። ውሃውን የጠጣ፣ ጥላው ሥር ያረፈ፣ መንገዱን የሄደ ሰው ከየትም ይምጣ፣ ለስንት ቀንም ይቆይ፣ ከበላው ልክ አለበት። ይህ አስተያየት ለመጤው ክብር ይሰጠዋል፤ ዕዳ ያለበት ሰው እንደ ባለጉዳይ ይቆጠራልና። ነባሩንም ከጉራው ያወርደዋል፤ እርሱም ተጠቃሚ እንጂ ሌላ አይደለም።

ወዳጄ «እኔም እኮ ከፈልኩ ነው የምልህ» ይለኛል። እዚህ ላይ ሐሳባችን ይለያያል። ለሁለታችን ትምህርት የከፈለው ማን ነበር? የላከን የደርግ መንግሥት በግንቦት 1991 ወደቀ፤ ያስተማረችን ሶቭየት ኅብረት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፈረሰች። አበዳሪውም ዋሱም በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ሐኪሞች ፍልሰት ያወጣው ደንብ በዋናነት የሚናገረው ለመንግሥታትና ለቀጣሪዎች ነው፤ ለአንድ ሐኪም ሕሊና ሒሳብ አያወጣለትም። ወዳጄ ለዓመታት «ባለዕዳ ነህ የሚለኝ ካለ ደረሰኙን ያሳየኝ» ሲል ኖሯል። ይሁንና የዚያን ቀን ጉዳዮች ዝርዝር ባለቤታቸው በወረቀት ጽፈውት ነበርና፣ ከጋዝና ከሳሙና ቀጥሎ «ፖላንድ» የሚል አየሁ። የአናቶሚ መምህራችን አርፈዋል፤ ሚስታቸው ግን የካቲት 2022 ጦርነቱ ኪየቭ ሲደርስ በባቡር ወጥተው ፖላንድ ገብተዋል። ወዳጄ በየሁለት ወሩ ገንዘብ ይልክላቸዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከመውጣታችን በፊት ከአንድ ሐዋላ ቤት ላከ። «ይኼስ የምኑ ክፍያ ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ዝም ብለህ መንገዱን አሳየኝ» አለኝ።

የመጨረሻው ጉዳይ አሌክሳንድሪያ ነበር፤ ለቅሶ። ሟቹ በታክሲ ዘመኔ የማውቃቸው፣ ከእኔ በፊት በ1980ዎቹ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። መንገዳችን በዱክ ጎዳና ስለ ነበር በቁጥር 1315 ያለውን ቤት ከመኪናው ውስጥ አሳየኋቸው። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ሺህዎችን ሰብስበው ወደ ደቡብ የላኩት ከዚያ ነው፤ ስንቱም በሰንሰለት ተቆራኝቶ በእግሩ ሄዷል። አሁን ሙዚየም ሆኗል። የወዳጄ ባለቤት አማተቡ። ወዳጄም ስለ መንገድ ነጻነት ያወራ የነበረውን ለጊዜው አቆመ።

ለቅሶ ቤቱ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን ተቀመጥን። አንዲት እናት ወዳጄን «ልጄ፣ ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉት። «ከመንገድ ነን፣ እማማ» አለ። «እንግዲያ ይብሉ፣ እህል አይለፋቸው» ብለው ለወጣቶቹ አዘዙ። በቤቱ ውስጥ የተያዘው ክርክር አስከሬኑ የት ይቀበር የሚል ነበር። ልጆቹ እዚሁ ቨርጂንያ፣ እሑድ እሑድ ሊጎበኙት ይፈልጋሉ። ወንድማቸው ደግሞ ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ «ለጊዜው ነው» ሲሉ መኖራቸውን እየመሰከረ አዲስ አበባ ካልሆነ አለ። ሁለቱም ወገን የሟቹን ቃል ነው የሚጠቅሰው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ሚስቲቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ሳውቅ እንዲህ ያለው ክርክር በዚህ ከተማ በየወሩ ይደረጋል፤ በገንዘብም የሚያልቅ አይደለም፤ ወጪውን እድሩ ይሸፍናልና።

ይህን ሲሰሙ የቆዩት የወዳጄ ባለቤት ልንነሣ ስንል የእድሩን ጸሐፊ ጠርተው «እኔን ይመዝግቡኝ» አሉ። ወዳጄ «ምን ነካሽ?» አለ። «መንገድ ላይ ብሞት ማን ያነሣኛል? አንተ ብቻህን?» አሉት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «እመቤቴ፣ አድራሻዎ?» ሲል ወዳጄ ሊስቅ ቃጣና ተወው። በደንቡ መሠረት አባል የሚሆነው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። እኔ የበርክ ቤቴን አድራሻ ሰጠሁ፤ ጸሐፊውም ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ በስማቸው ሦስት ደብዳቤዎች መጥተውልኛል፤ ሁለቱን መዋጮዎች እኔ ከፍያለሁ። እነርሱ አሁን ኒው ሜክሲኮ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ደውሎ ሦስተኛውን ደብዳቤ ከፍቼ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ውስጡ የአባልነት ቅጽ እንዳለበትም ጠየቀ። አልነበረበትም፤ ጸሐፊውን በመጪው እሑድ አገኘዋለሁ።